ከእውነተኛ የእንግሊዝኛ ንግግር የክፍል መልመጃ መስራት፦ ለጎጃም መምህራን ከሀ እስከ ፐ

የንግግር ኮርፐስ ማለት የእውነተኛ ሰዎች ወሬ ተቀድቶ፣ ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ፣ በኮምፒውተር እንዲፈለግ ሆኖ የተቀመጠ ክምችት ነው። ሞክረውት የተዉ የእንግሊዝኛ መምህራን ጥቂት አይደሉም። የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። ኮርፐሱን ይከፍታሉ፣ አንድ ቃል ይጽፋሉ፣ መአት መስመር ይዘረገፍላቸዋል። ግማሹን ኮፒ አድርገው ክፍል ይገባሉ። ተማሪው ከመሃል የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር እያየ ግራ ይጋባል። መምህሩም «ይሄ ነገር ለእኛ ክፍል አይሆንም» ብሎ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል።

ይሆናል። መፈለጉ ቀላል ነው፤ ስራው ያለው መምረጡ ላይ ነው። የዚህ መመሪያ ግብ ይሄ ነው፦ አንድ ሐረግ፣ ስምንት መስመር፣ አንድ ገጽ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ። ከዚያ በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክሩ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ከተማሪዎቻችሁ አፍ ውሰዱ

ኮምፒውተሩን ገና አትክፈቱ። መጀመሪያ ደብተር ያዙ። ተማሪዎቻችሁ ሊናገሩ ሲሉ የሚደናቀፉባቸውን ሐረጎች፣ እንደሰማችኋቸው፣ ከነስህተታቸው ጻፉ።

እኔ እዚህ የምጠቀምበት ምሳሌ ለማንኛችሁም አዲስ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ነው። ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ሆኗል። ያልገባው ተማሪ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ዋት ኢዝ ሚን ዴንሲቲ?» ይላል። ፍኖተ ሰላምም ብትሄዱ፣ ሞጣም ብትሄዱ፣ ይቺን ጥያቄ ትሰማላችሁ።

ስትመርጡ እነዚህን ተከተሉ፦

- ሐረግ ይሁን፤ የሰዋስው ርዕስ አይሁን። «ፕሬዘንት ፐርፌክት» ብላችሁ ከገባችሁ አትወጡም።
- በአፍ የሚባል ነገር ይሁን። የደብዳቤ አጻጻፍ የንግግር ኮርፐስ ውስጥ አትፈልጉ።
- ተማሪው በዚሁ ሳምንት የሚጠቀምበት ይሁን።

ከዚያ በአንድ ወረቀት ግራ በኩል ስህተቱን፣ ቀኝ በኩል ግምታችሁን ጻፉ። ለምሳሌያችን ግምቱ ሁለት ነው፦ «ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ...» እና «ዋት ዳዝ... ሚን»። እዚህ የምንሄደው በመጀመሪያው ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት አትቀላቅሉ፤ ሁለተኛው የራሱን ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ዕቃችሁን አዘጋጁ

ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ያረጀም ቢሆን ይሰራል። ኔት የሚያስፈልገው ለማውረድና ለመፈለግ ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ኔት ይኖራል ብላችሁ በጭራሽ አታቅዱ። መብራትም እንደዚያው።

ስለዚህ ኔት ደህና ወደሆነበት ቦታ፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ፣ ስትሄዱ የሚወርደውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አውርዱ። በሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጡት። አንዱን የትምህርት ቤቱ የአይሲቲ ክፍል ኮምፒውተር ላይ አትሰኩት። እዚያ ያለው ቫይረስ ፋይሉን ሁሉ ደብቆ ሾርትከት ብቻ ሲያስቀርላችሁ፣ ሁለተኛው ፍላሽ ያድናችኋል።

መውረድ ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የኮርፐሱ ግልባጮች ናቸው። ሌላው አንትኮንክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ነው፤ የሰራው ጃፓን ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ሎረንስ አንቶኒ ነው። ያለ ኔት ይሰራል። ማሽናችሁ አዲሱን ካልተቀበለ፣ የቆዩት የፕሮግራሙ ቅጂዎችም እዚያው ገጽ ላይ አሉ።

ደረጃ 3፦ ለጥያቄው የሚስማማውን ኮርፐስ ምረጡ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «ትልቁ ይሻላል» ብሎ የሚሳሳተው። መጠን ሳይሆን ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ እዩ።

*ማይኬስ።* የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የአካዳሚክ ንግግር ኮርፐስ ነው። 1.8 ሚሊዮን ገደማ ቃላትና 152 ግልባጮች አሉት። ሌክቸር፣ ቤተ ሙከራ፣ የተማሪዎች የጥናት ቡድን፣ ተማሪ መምህሩን ቢሮ ሄዶ የሚያነጋግርበት ሰዓት ሳይቀር አለው። ተማሪ መምህሩን ሲጠይቅ መስማት ለምንፈልግ ለእኛ የሚሆነው ይሄ ነው። በኔት ላይ በነጻ ይፈለጋል። ለማስተማር ምንጩን ጠቅሳችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ለሽያጭ መጽሐፍ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ፈቃድ መጠየቅ አለባችሁ።

*ሳንታ ባርባራ።* የአሜሪካውያን የዕለት ተዕለት ጭውውት ነው፤ 60 ቅጂዎች፣ 249 ሺህ ያህል ቃላት። ትልቁ ጥቅሙ ግልባጩም ድምጹም መውረዱ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ሞንታና ውስጥ የተቀዳ ሲሆን፣ አንዲት ተማሪ ስለ ፈረስ ጫማ አሠራር ስታወራ ይሰማል። ጥር 23፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል፣ በመጣ ቁጥር ከፈረስ ሌላ ወሬ ለማይሰሙት ለእንጅባራ ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

*የ2014ቱ የብሪታንያ የንግግር ኮርፐስ።* 11.5 ሚሊዮን ቃላት፣ 668 ተናጋሪዎች፣ ከ2012 እስከ 2016 የተቀዳ የቤትና የጓደኛ ወሬ። በላንካስተር ዩኒቨርሲቲ በኩል ተመዝግባችሁ በነጻ ትፈልጉበታላችሁ።

*ኮካ።* የዘመኑ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ኮርፐስ ነው፤ ትልቅ ነው። የንግግር ክፍሉ ግን የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ፕሮግራም ነው። ተናጋሪዎቹ አየር ላይ እንዳሉ ያውቃሉ። ለውይይትና ለክርክር ጥሩ ነው፤ ለጎረቤት ሰላምታ አይሆንም።

(የፈረንጆች ዓመት ነው የጻፍኩት፤ በእኛ እንዳትቆጥሩት።)

ደረጃ 4፦ ፈልጉ

1. ማይኬስ ላይ ሐረጉን («ዋት ዱ ዩ ሚን»፣ «ባይ»ን ሳትጨምሩ) ያለ ምንም ማጣሪያ ጻፉና ስንት ውጤት እንዳለ እዩ።
2. ማጣሪያውን አንድ በአንድ ጨምሩ። መጀመሪያ የንግግሩን ዓይነት፣ ቀጥሎ የተናጋሪውን ሚና ምረጡ። ሁሉንም ባንዴ ከጨመራችሁ የቱ እንደቆረጠባችሁ አታውቁም።
3. ውጤቱን ከሐረጉ በስተቀኝ ባለው ቃል ደርድሩት። ተመሳሳዮቹ ተሰብስበው ይመጣሉ።
4. ከ40 እስከ 50 መስመር ሲቀርላችሁ አቁሙና ወደ ራሳችሁ ፋይል ገልብጡ።

ከ10 በታች ከመጣ፣ መጨረሻ የጨመራችሁትን ማጣሪያ አንሱ፤ ካልበቃ ሐረጉን አሳጥሩ። መቶ ካለፈ ደግሞ ሌላ ማጣሪያ ጨምራችሁ አጥብቡት። ዜሮ ከሆነ አጻጻፋችሁን ተጠራጠሩ። የንግግር ግልባጭ ብዙ ጊዜ እንደ አነጋገሩ ነው የሚጻፈው፤ «ቢኮዝ» ያላችሁት እዚያ አጥሮ «ከዝ»፣ «ጎይንግ ቱ» ያላችሁት «ጎና» ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

*ያለ ኔት በአንትኮንክ ከሆነ*

እዚህ አንድ ጣጣ አለ። የሳንታ ባርባራ ግልባጭ በምልክት የታጨቀ ነው። ሁለት ሰዎች ባንዴ ሲናገሩ በማዕዘን ቅንፍ [ ]፣ የተጎተተ ድምጽ በ = ፣ ሳቅ በ @ ይጠቆማል። እነዚህ ምልክቶች ቃል መሃል ሊገቡ ይችላሉ። ያኔ ፕሮግራሙ አንዱን ቃል ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ እናንተም «የለም» ትላላችሁ፣ እያለ።

መፍትሔው፦

1. ማኅደሩን በሁለት ስም ገልብጡ፦ «ጥሬ» እና «የጸዳ»። ጥሬውን ፈጽሞ አትንኩ።
2. በ«የጸዳ» ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በኖትፓድ ክፈቱና ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡ። ኢንኮዲንጉ ላይ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ምረጡ።
3. በኖትፓዱ የመተኪያ ሳጥን መጀመሪያ ቁጥር ያለባቸውን ቅንፎች ከነቁጥራቸው ([2 እና 2] የመሳሰሉትን)፣ ቀጥሎ ባዶዎቹን ቅንፎች፣ ከዚያ = እና @ን በባዶ ተኩ። ቅደም ተከተሉን ካዘበራረቃችሁ ቁጥሮቹ ቃል ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ።
4. አንትኮንክን ክፈቱ። ከፋይል ሜኑ ውስጥ «ኩዊክ ኮርፐስ» በሚለው በኩል የጸዱትን ፋይሎች አስገቡ። «ክዊክ» (KWIC) የሚለው ገጽ ላይ ሐረጉን ጻፉ፣ በስተቀኝ ባሉት ቃላት ደርድሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ በየመስመሩ መጀመሪያ ያሉት ቁጥሮች የድምጹ መነሻና መድረሻ ሰከንዶች ናቸው። ጥሬውን ቅጂ ያስቀመጥነው ለእነሱ ሲባል ነው፤ ድምጽ ስትቆርጡ ያለ እነሱ በጨለማ ትዳክራላችሁ። በሁለት መስመር የተከፈለ ሐረግም በእነዚሁ ቁጥሮች ምክንያት ስለማይገኝ፣ አጠር ያለውን ክፍል ፈልጉ።

ደረጃ 5፦ መስመር ምረጡ

ጊዜያችሁን እዚህ አውሉ። ሌላው ሁሉ የእጅ ስራ ነው።

መስመሮቹን አትሙ ወይም በእጅ ጻፏቸው። እርሳስ ያዙ። እያንዳንዱን አንብባችሁ ዳር ላይ ፊደል አስቀምጡ፦

- ሀ፦ የአንድ ቃል ትርጉም እየተጠየቀ ነው።
- ለ፦ ሐሳቡ እንዲብራራ እየተጠየቀ ነው።
- ሐ፦ ተናጋሪው ተገርሟል ወይም ተቃውሟል።
- መ፦ ሌላ ሰው ያለውን እያወራ ነው።

ለማሳያ ያህል ሦስት መስመር ልስጣችሁ። ከኮርፐስ የተቀዱ አይደሉም፤ ቅርጹ እንዲታይ እኔ የሰራኋቸው ናቸው። እናንተ በወረቀታችሁ ላይ የእውነተኞቹን ታስገባላችሁ።

«ሶሪ፣ ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ባዮማስ?»
«ኦኬ፣ ሶ ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ዛት?»
«ዋት ዱ ዩ ሚን፣ ኢት ኢዝንት ዱ ቱዴይ?»

የመጀመሪያው ሀ ነው። ሁለተኛው ለ። ሦስተኛው ግን ሐ ነው፤ የቤት ስራው የሚሰበሰበው ዛሬ እንዳልሆነ ሲነገረው የደነገጠ ተማሪ ነው። «ባይ» የለውም። እዚህ ላይ ነው ተማሪዎቻችን ሳያውቁት ሊጋጩ የሚችሉት፤ «ባይ»ና የማይገባቸው ቃል ከቀረ፣ በተለይ ድምጽ ከፍ ካለ፣ ጥያቄው «ምን ማለትህ ነው!» ሊመስል ይችላል። ጎጃም ውስጥ መምህርን መሃል ላይ ማቋረጥ ራሱ ድፍረት ተደርጎ ለሚታይ ልጅ፣ ይሄ ልዩነት ቀልድ አይደለም።

አሁን ጣሉ። እነዚህን ያለ ርኅራኄ ሰርዙ፦

- ከፊትና ከኋላ ያለውን ካላነበቡ የማይገቡትን።
- ስድብ ወይም ለክፍል የማይሆን ወሬ ያለባቸውን።
- የአገሩን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ወይም የስፖርት ቡድን ካላወቁ ትርጉም የማይሰጡትን።
- ከሐረጉ ሌላ ከሁለት በላይ አዲስ ቃል ያለባቸውን።

ከሀ አራት፣ ከለ ሁለት፣ ከሐ ሁለት ይቅሩ። ስምንት።

ሰው ሁሉ የሚዘለው እርምጃ ቀጥሎ ነው፦ የስምንቱንም ሙሉ ግልባጭ ክፈቱ። ማን ተናገረ? ለማን? ምን ተመለሰለት? ትህትና የመሰላችሁ መስመር ሙሉውን ስታነቡት ጭቅጭቅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያኔ ፊደሉን ቀይሩ ወይም መስመሩን ቀይሩ።

ደረጃ 6፦ አጽዱ፣ ግን አታስውቡ

የቀሩ ምልክቶችን አውጡ። ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ቃል አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ረጅሙን መስመር ከዳር ስትቆርጡ ሦስት ነጥብ አስቀምጡ።

ሐረጉ ፊት ያሉትን «ሶሪ»፣ «ሶ»፣ «ኧም» ግን አትንኩ። ቆሻሻ ይመስላሉ፤ ጥያቄውን የሚያለሰልሱት እነሱ ናቸው። ተማሪው ከመማሪያ መጽሐፉ የማያገኘውም ይሄንኑ ነው።

ሰዋስው አታርሙ። ሰው ሲናገር ይሳሳታል። ስህተቱ ተማሪውን የሚያደናግር ከሆነ መስመሩን ጣሉት እንጂ አታስተካክሉት። «ፒዛ»ን አውጥቶ «እንጀራ» መተካትም ያው ነው። ያገሩን ነገር በደረጃ 7 ራሳቸው ተማሪዎቹ ያመጡታል፤ እናንተ የሰውን አፍ አትለውጡ።

ስለ ማሰራጨት፦ የሳንታ ባርባራ ፈቃድ ምንጩን ጠቅሶ ማባዛትን እንጂ የተለወጠ ቅጂ ማሰራጨትን አይፈቅድም። ስለዚህ ያጸዳችሁትን ማኅደር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉት። ባልደረባችሁ ከፈለገ ዋናውን ያውርድና ራሱ ያጽዳ።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱን ስሩ

በማይክሮሶፍት ወርድ ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አውጡ። ግራው ወደ ቀኝ፣ ቀኙ ወደ ግራ ይጠጋ፤ ሐረጉ መሃል ላይ ደምቆ ይቁም። ዓይን ወደ ታች ሲወርድ ሐረጉ ቀጥ ብሎ መታየት አለበት። መስመሮቹን ዝም ብላችሁ እንደ አንቀጽ ከደረደራችኋቸው ስራችሁ ሁሉ ውኃ በላው።

ከሥር እነዚህን ትእዛዞች በዚሁ ቅደም ተከተል ጻፉ፦

1. ከሐረጉ ቀጥሎ የመጣውን ቃል አስምር።
2. «ባይ» ያላቸውንና የሌላቸውን ለይ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?
3. ከሐረጉ በፊት ምን ምን ቃላት አሉ? ዘርዝር።
4. ዛሬ በባዮሎጂ ወይም በፊዚክስ ክፍል ያልገባህን ቃል አስገብተህ ሦስት ጥያቄ ጻፍ።
5. አንዱን ለጎረቤትህ ጠይቅ።

ትእዛዞቹን በቀላል እንግሊዝኛ ጻፉ። ሁለተኛው ላይ ግን ልዩነቱን በአማርኛ ይወያዩበት፤ እኔ ችግር አይታየኝም። እዚያ የምንፈልገው ማስተዋላቸውን ነው።

በአንድ ክፍል ስልሳና ሰባ ተማሪ ካለ ለእያንዳንዱ ኮፒ አታድርጉ፤ ለአንድ ዴስክ አንድ ወረቀት ይበቃል። ለእሱም በጀት ከሌለ ማኒላ ካርድ ላይ በእጅ ጻፉት፤ ሐረጉን በቀይ፣ ሌላውን በጥቁር። ከኋላ የተቀመጠው ካላነበበው ጽሑፉ ትንሽ ነው ማለት ነው፤ ከክፍለ ጊዜው በፊት ራሳችሁ ከኋላ ቆማችሁ ሞክሩት።

ደረጃ 8፦ ድምጽ ካላችሁ

ከሳንታ ባርባራ ከሆነ፣ ከጥሬው ግልባጭ ላይ ሰከንዱን አንብቡ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምጽ መቁረጫ ፕሮግራም ከዚያ ቦታ በፊትና በኋላ አምስት አምስት ሰከንድ ጨምራችሁ ቁረጡ። በሚሞሪ ወይም በፍላሽ ወደሚሰራ ስፒከር አዙሩት። የድምጽ ፋይሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ የምትፈልጉትን ብቻ አውርዱ። ድምጽ ከሌላችሁ ራሳችሁ አንብቡላቸው፤ ትምህርቱ አይበላሽም።

ደረጃ 9፦ ክፍል ውስጥ፣ በ40 ደቂቃ

የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች፦ ስለ ኮርፐስ አታብራሩ። «እነዚህ የእውነተኛ ሰዎች ንግግሮች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከመሃል የተቆረጡ ናቸው፤ ሁሉንም መረዳት የለባችሁም» በሉና እለፉ። ይቺን ካልተናገራችሁ ግማሹ ክፍል መዝገበ ቃላት ፍለጋ ይገባል።

ቀጣዮቹ 15 ደቂቃዎች ለትእዛዝ 1፣ 2 እና 3 ናቸው። መልሱን አትንገሩ። የዋሸራ ቅኔ ቤት ተማሪ የራሱን ከመዝረፉ በፊት የሌሎቹን ሰምቶ ሰምቶ ነው፤ እነዚህም ቅርጹን ራሳቸው እስኪያዩት ጠብቁ። ዝምታው ይረዝማል፣ ታገሡ።

10 ደቂቃ ለመጻፍ፣ 10 ደቂቃ ለመናገር። ሲናገሩ «ሶሪ» ወይም «ሶ» ብለው እንዲጀምሩ አስገድዱ። አንድ ተማሪ «ሶሪ፣ ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ፍሪክሽን?» ካለ ጨርሳችኋል።

ሲበላሽ

*«አልገባንም» ብለው ዝም ካሉ።* መስመሮቹ ከብደዋል። ስድስቱን ሸፍኑና ሁለት ብቻ፣ አንድ «ባይ» ያለው አንድ የሌለው፣ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ከዚያ ጀምሩ።

*ልዩነቱን ካላዩት።* የሐን መስመር በንዴት፣ የሀን በለሰለሰ ድምጽ አንብቡ። አብዛኛው ጊዜ ይስቃሉ፤ ከሳቁ አይተውታል።

*አንድ ጎበዝ ተማሪ መልሱን ባንዴ ከተናገረ።* አታድንቁ፣ አትካዱም። «የትኛው መስመር ላይ አየኸው?» ብላችሁ ማስረጃውን እንዲያሳይ አድርጉ። ሌሎቹም ወደ ወረቀቱ ይመለሳሉ።

*መብራት ከጠፋ።* ማኒላው ለዚህ ነው።

*በሳምንቱ እንደገና «ዋት ኢዝ ሚን» ካሉ።* ይላሉ። ማኒላውን ግድግዳው ላይ ተዉትና፣ ስህተቱን በሰማችሁ ቁጥር ሳትናገሩ በእጃችሁ ወደ እሱ ጠቁሙ። የፊዚክስና የባዮሎጂ መምህራኑም እንዲሁ እንዲያደርጉ ለምኗቸው፤ ጥያቄው የሚጠየቀው እነሱ ክፍል ነውና።

*በሚቀጥለው ዓመት መስመሮቹ ከየት እንደመጡ ከጠፋባችሁ።* ዛሬውኑ በእያንዳንዱ መስመር ትይዩ የኮርፐሱን ስም፣ የግልባጩን መለያና የፈለጋችሁበትን ቀን ጻፉ። የጣላችኋቸውን ሠላሳና አርባ መስመሮችም በዚያው ፋይል አስቀምጡ፤ «ዋት ዱ ዩ ሚን» ብቻውን የቆመባቸውን ለአሥራ አንደኛ ክፍል የክርክር ትምህርት ታወጧቸዋላችሁ።